ልጅን አንገት ሳያስደፉ ትሕትና ማስተማር

በእኛ በጎጃም ልጅ እንዲህ ተብሎ ሲመሰገን ሰምታችሁ ይሆናል። «ወይ ጨዋነት! አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁ እንኳ አይሰማ።» እኔም እንዲህ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እንግዳ ሲመጣ ጥጌን እይዛለሁ። ስጠየቅ መሬት መሬቱን እያየሁ እመልሳለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «ትሑት ልጅ» ይለኝ ነበር።

ውስጤ ግን ሌላ ነበር። ዝም የምለው እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ ነው። በልቤ ቀኑን ሙሉ ከጓደኞቼ ጋር ስወዳደር እውላለሁ። አንዱ ከበለጠኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይኼ ትዕቢት ነበር፤ ድምፁን ያጠፋ ትዕቢት። አባቶቻችንም ይህን አላጡትም። «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» ያሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ሦስት ልጆች አሉኝ። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። ለዓመታት ስሞክረው የቆየሁትን፣ የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም፣ ተራ በተራ ልጻፍላችሁ። ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። አንዱን ያዙና ወር ሁለት ወር ቆዩበት።

1. በክርስትና ስሙ ጀምሩ

ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ነው። ፎጣውን ከመታጠቁ በፊት የተጻፈውን ግን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። ቁጥር 3ን ተመልከቱት። አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣ፣ ወደ እግዚአብሔርም እንደሚሄድ አውቆ ነው ከእራት የተነሣው። ማን እንደሆነ አውቆ ነው ያጎነበሰው።

ልጅም እንዲሁ ነው። መወደዱን የማይጠራጠር ልጅ ዝቅ ማለት አያስፈራውም። ምን ያጣል? መወደዱን የሚጠራጠር ልጅ ግን በሄደበት ሁሉ መብለጥ አለበት፤ ካልበለጠ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ትሕትናን ማስተማር የሚጀመረው ልጁን አቅፎ ከፍ በማድረግ ነው።

ለዚህ የሚሆን ነገር እጃችን ላይ አለ፤ የክርስትና ስም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ስም ይወጣላቸዋል። ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ አመተ ጊዮርጊስ። ወልደ ወንድ ልጅ፣ ወለተ ሴት ልጅ ማለት ነው። ገብረ እና አመተ ደግሞ አገልጋይ ማለት ነው። ልጅነትም አገልጋይነትም እንደ ክብር ተሰጥቶናል። ብዙ ልጆች ግን ይህን ስም የሚያውቁት ለጸበልና ለጸሎት ሲጠየቁ ብቻ ነው። ትርጉሙን የነገራቸው የለም።

ማታ ከጸለያችሁና ካማተባችሁ በኋላ በዚያ ስም ጥሩት። «ወልደ ሚካኤል፣ ዛሬ ብታለማም ብታጠፋም ልጃችን ነህ» በሉት። ሌላ ስብከት አትጨምሩ። ትንሹ ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ይህን ሳይሰማ አይተኛም።

ዓይነ አፋር ልጅ ካላችሁ ዓይነ አፋርነቱን «ትሕትና» እያላችሁ አታሞግሱት። መለያው ቀላል ነው። ትሑት ልጅ «አላውቅም» ማለት ይችላል። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ይጠይቃል። ስትሳሳቱም በአክብሮት «አባዬ፣ እንደዚያ አይመስለኝም» ይላችኋል። ልጃችሁ ይህን አድርጎ የማያውቅ ከሆነ ያስተማራችሁት ፍርሃት ሊሆን ይችላልና ደግማችሁ አስቡበት።

2. ይቅርታውን እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ

ይኼኛው ለእኔ ከሁሉ ከበደኝ። ያደግሁት አባት ልጁን ይቅርታ በማይጠይቅበት ቤት ነው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ያለ ጥፋቴ የመታኝ እንደሆነ በማግሥቱ ከገበያ ሸንኮራ ይዞልኝ ይመጣል። ሸንኮራው ይቅርታው ነበር። የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ሸንኮራውን በላሁት እንጂ ይቅርታውን አልሰማሁትም።

አንድ ቀን 500 ብር ጠፋኝ። ትልቋ ልጄ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። ጠረጴዛው አጠገብ ስትጫወት አይቻት ስለነበር እናቴ ባለችበት ጮኽኩባት። አለቀሰች፤ አልወሰድኩም አለች። አላመንኳትም። ማታ ብሩ ከራሴ ጃኬት ኪስ ወጣ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ነገ ብስኩት ልግዛላት ብዬ ነው። ከዚያ ሸንኮራው ትዝ አለኝ። ተነሥቼ አልጋዋ አጠገብ ተንበረከክሁ። «ብሩ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ሳላጣራ በአያትሽ ፊት ጮኽኩብሽ። በድዬሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና «እሺ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በቃ። በማግሥቱ ጠዋት ቡና ላይ እናቴ ፊት ደገምኩት። እናቴ ደነገጠች። «አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ? ትንቅሃለች!» አለችኝ። ልጄ አልናቀችኝም። ከዚያ በኋላ ስታጠፋ መደበቅ ቀነሰች። አልተወችም፤ ቀነሰች።

ስትጠይቁ እንዲህ አድርጉ። ጥፋቱን በስሙ ጥሩት፤ «ለሆነው ነገር ይቅርታ» አትበሉ። «ግን» የምትለዋን ቃል አውጧት። «ይቅርታ፣ ግን አንቺም እኮ...» ካላችሁ ይቅርታው ክስ ሆነ። በሰው ፊት ከበደላችሁ በዚያው ሰው ፊት ጠይቁ። ደግሞ አታራዝሙት። ብታለቅሱና ብትጸጸቱ ልጁ እናንተን ማባበል ይጀምራል፤ ያ የእሱ ሥራ አይደለም። ልጁ ወዲያው ይቅር ካላላችሁም ጠብቁት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያበሳጩ ሲጽፍ ምክንያቱን አብሮ ጽፏል፦ ልባቸው እንዳይዝል ነው። የዛለ ልብ የሚያጎነብሰው አቅም አጥቶ ነው።

3. «ስንተኛ ወጣህ?» የምትለዋን ጥያቄ አስቀምጧት

ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ የሰፈሩ ጥያቄ አንድ ነው። አክስት ትጠይቃለች፣ ባለሱቁ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። 1ኛ የወጣው በዋናው በር ይገባል። 30ኛ የወጣው በጓሮ ይሾልካል። ትምህርት ቤቱ ደረጃ እንዳይሰጥ ማድረግ አንችልም። ቤት ውስጥ የምንጠይቀው ጥያቄ ግን የእኛ ነው።

እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር ገባሽ? ማን አገዘሽ? አንቺስ ማንን አገዝሽ? ደረጃውን ማንም ሳይጠይቅ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ስሟቸውና ደስ ይበላችሁ። ቁምነገሩ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» ይላል ጳውሎስ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 4፥7። ልጅ ይህን ጥቅስ በቃሉ ከሚሸመድድ ይልቅ ክፍልፋይ ያስረዳችውን ጓደኛውን ስም ቢጠራ ይሻላል። ልጄ 2ኛ የወጣች ጊዜ የአንዲት ልጅ ስም ጠራች። ያችን ልጅ ከእናቷ ጋር ቡና ጠራናት። ልጄ በእናትየዋ ፊት አመሰገነቻት። ከካርዱ ይልቅ የዚያን ቀን ነገር ነው እስካሁን የምታነሣው።

ደግሞ ምስጋና አትንፈጉ። «እንዳይኮራ» እያሉ ጭንቅ ካልሆነ በቀር የማያመሰግኑ ወላጆች አሉ። እንደዚያ ያደገ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ምስጋና ሲያድን ይኖራል፤ ከራሴ አውቀዋለሁ። አመስግኑ፣ ምስጋናው ግን ሥራው ላይ ይረፍ። «ከክፍሉ ሁሉ ትበልጣለህ» ከማለት «ሦስቴ ደጋግመህ ስትሠራው አይቻለሁ» ማለት ይሻላል። ሲመሰገንም ቀና ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይበል። ችሎታው እያለው «ኧረ እኔ ምንም አልችልም» ካለ ውሸት ነው፤ ውሸትን ትሕትና ብለን አናስተምር።

«የእገሌን ልጅ አታየውም?» የሚለውን ዛሬውኑ ተዉት። ስለዚህ የምጨምረው የለኝም።

4. ለቤት ሠራተኛዋ እንዴት እንደሚናገር ስሙ

ልጃችሁ ለቄሱ፣ ለአያቱ፣ ለአስተማሪው እንዴት እንደሚናገር አይታችሁ አትፍረዱ። ለእነሱማ ማንም ያጎነብሳል። ቤታችሁ ለምትሠራው ልጅ፣ ለሊስትሮው፣ ለዘበኛው፣ ለባጃጅ ነጂው እንዴት እንደሚናገር ስሙ። ትሕትና የሚታየው እዚያ ነው።

ብዙ ቤት ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። የ6 ዓመት ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ «ውሃ አምጪ!» ይላታል። ከእሷ በዕድሜ በግማሽ ያነሰ ነው። ይህን ከየት አመጣው? ከእኛ ነው። እኔ ቤትም ነበር። መካከለኛው ልጄ ካልሲውን አውልቆ እግሯ ሥር ሲወረውር አይቼ ልቆጣው ስል፣ ጠዋት እኔ ራሴ ሸሚዝ ወርውሬ እንደወጣሁ ትዝ አለኝ።

ቤታችን ውስጥ የለወጥነው ይህን ነው። ልጆቹ በዕድሜ ስለምትበልጣቸው «እትዬ» ብለው ነው የሚጠሯት። ውሃ የጠማው ራሱ ተነሥቶ ይቀዳል። ከ5 ዓመት በላይ የሆነ የበላበትን ሳህን ያነሣል፣ አልጋውን ያነጥፋል፣ ካልሲውን ያጥባል። ትንሹ ሲያጥብ ውሃው ቤቱን ይሞላዋል፤ ይሙላው። ማዕድ ላይ አብራን ትቀርባለች፣ ጉርሻም ለእሷ ጭምር ነው። ስትሳሳት በልጆቹ ፊት አንናገራትም። የፈተናዋ ሰሞን ደግሞ እራት የሚሠራው ሌላ ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሠራው ግን ያላሰብነው ነገር ነው። አንድ ቀን ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ዘመድ ልንጠይቅ አብረን ሄድን። እሷ የዚያ አገር ልጅ ናት። መካከለኛው ልጄ መንገድ ዳር ያለውን ቡቃያ አይቶ «ሣር ነው» አለ። እሷ ሳቅ ብላ ይኼ ገብስ ነው፣ ያኛው ስንዴ ነው አለችው። ወርዶ ጠጋ ብሎ አየ። ለእሱ አንድ ነው። ቅጠሉ ከአገዳው የሚጋጠምበትን እያሳየች አስረዳችው። ቤት እስክንመለስ ሲጠይቃት ነበር። ካልሲ የወረወረባት ልጅ በዚያ ቀን ተማሪዋ ሆነ። እናንተም ፈልጉላቸው። ልጃችሁ «ያንሰኛል» ብሎ የሚያስበው ሰው የሚያውቀውን፣ እሱ የማያውቀውን ነገር ፈልጉና እንዲማር ስደዱት። ምክር ከመቶ ጊዜ በላይ ሞክሬያለሁ፤ የዚህን ያህል አልሠራልኝም።

5. «የኔ ቢጤ» ምን ማለት እንደሆነ ንገሯቸው

በአማርኛችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። ቢጤ ማለት አምሳያ፣ እኩያ ነው። የኔ አምሳያ ማለታችን ነው። ልጆች ቃሉን ይሉታል እንጂ አይሰሙትም። አንድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ተረጎምኩላቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ «ታዲያ እሱስ እኔን ሲጠራኝ የኔ ቢጤ ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ቢል ልክ ነው አልኳት።

አሰጣጡን በተግባር አሳዩ። ሳንቲም አይወረወርም። ልጁ ቆም ይበል፣ ጎንበስ ይበል፣ ፊታቸውን እያየ በእጃቸው ያስቀምጥ። ሲመርቁት «አሜን» ይበል። ምርቃቱ የእሱ ድርሻ ነው፤ ሰጥቶ ተቀበለ ማለት ነው። የሚሰጠው ካጣ ፊቱን አያዙር፤ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ይለፍ። ከተቻለም ከራሱ ይስጥ፤ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ በእሱ እጅ የምትሰጡት የእናንተ ምጽዋት ነው።

ልጅ ሲመጸውት በስልክ አትቅረጹ። እባካችሁ። ቲክቶክ ላይ ያያችሁት ደስ ብሏችሁ ይሆናል። ጌታ ግን ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ብሏል፣ ማቴዎስ 6፥3። ካሜራ ፊት መስጠት የለመደ ልጅ ካሜራ ከሌለ አይሰጥም።

6. አኩፋዳው ያስተማረውን ወደ ቤት አምጡት

የእናቴ አባት በልጅነታቸው እዚሁ ጎጃም፣ ዋሸራ የቅኔ ትምህርት ቤት ቅኔ ተምረዋል። ወላጆቻቸው ሦስት ጥማድ በሬ ነበራቸው፤ የቸገራቸው ሰዎች አልነበሩም። ተማሪ ሆነው ግን የበግ ቆዳ ደበሎ ለብሰው፣ የለመኑትን ቁራሽ የሚይዙበትን አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጅ ለደጅ ዞረዋል። ውሻ ነክሷቸዋል፤ ጠባሳውን ያሳዩን ነበር። ማታ ሁሉም ያገኘውን አምጥቶ ከአንድ ላይ ይበላል። የባላባት ልጅ ይሁን የጭሰኛ ልጅ ቁራሹ አይለይም።

ከልመናው በላይ የሚያነሡት ግን እርማቱን ነበር። ጉባኤ ቃና የጀማሪ ቅኔ ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ አለው። ለእነዚያ ሁለት ስንኞች ቀኑን ሙሉ ከጫካ ዳር ሲያወጡ ሲያወርዱ ይውላሉ። ከዚያ የኔታ ፊት ይነግራሉ። የኔታ በጓደኞቻቸው ፊት ያፈርሱታል፤ ያርሙታል። «መጀመሪያ ሰሞን ሲያርሙኝ እንባዬ ይመጣ ነበር። ኋላ ግን ያላረሙኝ ቀን ከፋኝ» ይሉን ነበር።

ልጆቻችንን ውሻ ወዳለበት ደጅ አንልክም። ሁለቱን ነገር ግን ማምጣት እንችላለን፤ ማገልገልንና መታረምን።

ማገልገሉን በእጅ ማስታጠብ ጀምሩት። ልጁ በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳህን፣ ትከሻው ላይ ፎጣ ይዞ ከታላቅ ጀምሮ ያስታጥብ። ይህን የምታደርጉት ለክቡር እንግዳ ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። ውኃ የሚያወርድልን ሰው፣ አናጺው፣ የጎረቤት ሕፃን ሲመጣም ያስታጥብ። ተራ ይኑረው፤ እናት አባትም ተራቸው ይድረስ። ድሮ የመሸበት መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ሲገባ እግሩን አጥቦ የሚስም ልጅ ነበር። ያንን ያየ ትውልድ ገና አላለቀም። አያቶችን ጠይቁ፤ ልጆቹ እየሰሙ ይንገሯችሁ።

ለመታረም ደግሞ እኔ ይህን አደርጋለሁ። ለእሑድ የማዘጋጀውን ትምህርት ቅዳሜ ማታ ለትልቋ ልጄ አቀርብላታለሁ። «እዚህ ጋ አልገባኝም፣ እዚህ ጋ ረዘመ» ትለኛለች። እየከፋኝም ቢሆን አስተካክላለሁ። ከዚያ እሷ ድርሰቷን ታመጣለች። እኔ ሳልታረም እሷን ላርማት የሞከርኩ ጊዜ ደብተሩን ነጥቃኝ ነበር የሄደችው።

7. በጾሙ ለሚኮራው ልጅ

ስለዚህ ብዙ አይወራም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ልጆች 7 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ጾም መለማመድ ይጀምራሉ። ጥሩ ነው። ከዚያ አንዱ መጥቶ «እኔ እስከ 9 ሰዓት ጾምኩ፣ እሱ ቁርስ በላ» ይላል። ቤቱም ያጨበጭብለታል። ማኅሌት የቆመ፣ ቅዳሴ ያስቀደሰ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልብስ የለበሰ ልጅ ሌላውን ማየት የሚጀምረው ከላይ ወደ ታች ነው።

ሉቃስ 18ን አውጡ። ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወጡ። ፈሪሳዊው ምን አለ? በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ አለ። እኛም ረቡዕና ዓርብ ሁለት ቀን ነው የምንጾመው። ልጆቹ ይህን ራሳቸው እንዲቆጥሩት ተዉአቸው። ቀራጩ በሩቅ ቆሞ ደረቱን እየመታ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ። እሱ ጸድቆ ሄደ።

ይህን ስነግራቸው አንድ ልጅ «ታዲያ አንጹም?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው፤ ተዘጋጁበት። ጾሙ አልተነቀፈም። ሰውየው እግዚአብሔር ፊት ቆሞ ዓይኑ ቀራጩ ላይ ነበር። የጾመ ልጅ ዓይኑን ከጓደኛው ሳህን ላይ ያንሣ፤ ሌላ ምንም አይጨምር።

ታሪኩን በትያትር አሠሯቸው። ሁልጊዜ ጥሩ የሚባለውን ልጅ ፈሪሳዊ አድርጉት። ከዚያ ዝም በሉ። «እንግዲህ ከዚህ የምንማረው...» አትበሉ። ልጆች ሲጨርሱ ብዙ ጊዜ «እኛ እንደዚያ ፈሪሳዊ አይደለንም» ይላሉ። ያ ዓረፍተ ነገር ራሱ የፈሪሳዊው ነው። ትልልቆቹ ከሆኑ ይህን አሳዩአቸው፤ ለረጅም ጊዜ አይረሱትም።

በቤት ጸሎታችሁም የእመቤታችንን ጸሎት በቃል አስይዟቸው። «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» ስትል የባሪያይቱን መዋረድ ተመለከተ ብላ ነው የምታመሰግነው። ትውልድ ሁሉ ብፅዕት ይሉኛል ለማለትም አላፈረችም። ትሑት ሰው የተደረገለትን ታላቅ ነገር እንደማይደብቅ ከእሷ የተሻለ የሚያስተምረን የለም።

8. ጨዋታ ላይ ይሸነፉ፤ ሲጣሉም በግድ አታሳስሟቸው

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። ሩሩ፣ ማለትም ኳሱ፣ እየተመታ ጌታና ሎሌ የሚጋፉበት ቀን ነው፤ መኮራረፍ የለም። ልጆችን በዚሁ መንፈስ አጫውቷቸው። ደስ እንዲላቸው ብላችሁ ሁልጊዜ አትሸነፉላቸው። ቤታችን አንድ ደንብ አለ። የተሸነፈ ያሸነፈውን እጅ ይጨብጣል፤ ያሸነፈ ዕቃውን ይሰበስባል።

ሲጣሉ ደግሞ ወዲያው ይዛችሁ «ተሳሳሙ!» አትበሉ። ያ ከአንገት በላይ ነው፤ ልጆቹም ያውቁታል። ለየብቻ አስቀምጧቸው። ልባቸው ሲረጋ በዳዩን ብቻውን «እህትህ ምን የተሰማት ይመስልሃል?» በሉት። መልሱ እስኪመጣ ጠብቁ። በገጠሩ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ነግሬያቸው ነበር። መካከለኛው ልጄ በሌላ ቀን ከግቢው ድንጋይ ተሸክሞ እህቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማንም አላዘዘውም። ድንጋዩን ተቀብላ አወረደችለት።

9. ሲኮራ ለብቻው አርሙት

ልጃችሁ በእንግዳ ፊት ጉራ ቢነዛ በእንግዳ ፊት አታዋርዱት። ውርደት ትሕትናን አያመጣም፤ ቂም ያመጣል። ማታ ለብቻው ያዙት። የሰማችሁትን ቃል በቃል ንገሩትና «ያ ልጅ ሲሰማህ ፊቱ ምን ሆነ?» በሉት። «ደደብ»፣ «አንተ ብሎ ትዕቢተኛ» የሚሉ ስድቦች አይግቡበት። እግዚአብሔር ትዕቢተኞችን ይቃወማል የሚለውንም እንደ አለንጋ አታንሡበት። ያዕቆብ 4፥6 በዚያ አያቆምም፤ ለትሑታን ጸጋን ይሰጣል ይላል። ልጁ ጸጋውን ቀድሞ ይስማ።

10. ጸሎተ ሐሙስ ማታ

በጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከፊት አስቀምጧቸው። ከዚያ ቤት ስትመለሱ ጉልባኑን በልታችሁ እናንተም ተጣጠቡ። ጌታ እርስ በርሳችሁ ነው ያለው።

አባት ይጀምር፤ አባት ከሌለ በቤቱ ታላቅ የሆነ ሰው። ከትንሹ ልጅ እግር ተነሡ። ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ እናንተ መሬት ላይ ተንበርከኩ። አትናገሩ። አጥባችሁ አድርቁ፣ እግሩን ሳሙ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከዚያ ፎጣው ለልጆቹ ይሰጥ፤ እነሱም ተራቸውን ያጥባሉ። ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች ከተራው እንዳትቀር። እኛ ቤት «የእኔንማ አታጥቡም» ብላ እግሯን ሰበሰበች። ትልቋ ልጄ «ጴጥሮስም እኮ እንዲህ ብሎ ነበር» አለቻት። ተቀመጠች።

በመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻዋ እናቴ ነበረች። «ትንቅሃለች» ያለችኝ እናቴ። እግሯን ስይዝ ምንም አላለችም፤ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈች። ፎጣው ግን አንድ ብቻ ነበር። እሷ ጋ ሲደርስ ውሃ ያንጠባጥብ ስለነበር በነጠላዬ አደረቅኋት። እናንተ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ደረቅ ፎጣ አዘጋጁ። ውሃውንም ለብ አድርጉት፤ ደብረ ማርቆስ ማታ ይበርዳል።